ውሃ በሞላበት የተተወ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ለመጥለቅ የክፍት ውሃ ፈቃድ ይበቃል ወይ?

የሚዙሪው (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ታዳሚዎች። የምኖረው ሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ ነው። የክፍት ውሃ የጠላቂነት ፈቃድ ካገኘሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ እስካሁን በሐይቅና በባሕር አርባ ሁለት ጊዜ ጠልቄአለሁ። ባለፈው ወር ከከተማችን በስተደቡብ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ርቆ ወደሚገኘው የቦን ቴር ማዕድን ማውጫ ሄጄ ነበርና፣ በቅድሚያ ያየሁትን ላካፍላችሁ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቦን ቴር ከ1860ዎቹ ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል እርሳስ ሲወጣበት የኖረ የመሬት ውስጥ ማዕድን ነው። በ1962 ሥራው ሲቆምና ፓምፖቹ ሲጠፉ፣ በግድ ተገፍቶ የኖረው የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ቦታው ተመለሰና የታችኞቹን ደርቦች ዋጣቸው። ዛሬ ደረጃውን ወርዶ ከዳርቻው የሚቆም ሰው ከፊት ለፊቱ የሚያየው በመሬት ሆድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ከጣሪያው ላይ ኃይለኛ መብራቶች ተሰቅለውበታል፣ ማዕድን አውጪዎቹ ጣሪያውን እንዲሸከሙ የተዉአቸው ግዙፍ የድንጋይ ዓምዶች ደግሞ ከውሃው ሥር እስከ ላይ ቆመዋል። ውሃው ክረምት ከበጋ ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፈቅ አይልም፤ ከ30 ሜትር በላይ አጥርቶ ያሳያል። ሠራተኞቹ ጥለዋቸው የሄዱት የማዕድን ፉርጎዎች ባሉበት ቆመው ሳይ፣ ሰዎቹ ለምሳ ወጥተው የሚመለሱ እንጂ የሄዱ አልመሰለኝም። ታዋቂው ፈረንሳዊ የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶም በሕይወት ዘመኑ እዚህ መጥቶ ጠልቋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እርሱና ጓደኞቹ ወደሚጠልቁበት ሌላ የተተወ ማዕድን ጋብዞኛል። ቦታው አስጎብኚም ተቆጣጣሪም የለውም፤ በኮረብታ ጎን ባለ ያዘመመ አፍ ገብተው ውሃው ሲጀምር ይጠልቃሉ። «ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አይበልጥም፣ ቦን ቴር ከጠለቅህ ይህም ያው ነው፣ ጥሩ ባትሪ ብቻ ያዝ» ይለኛል። በእርግጥ ያው ነው?

ሥራ ፈት ታዛቢ

ወንድሜ፣ ስለ መጥለቅ አንድም እውቀት የለኝም፤ ስለዚህ የምጽፈው እንደ ውጭ ተመልካች ብቻ ነው። አያቶቻችን ለእንዲህ ያለው ነገር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚል አባባል ትተውልናል። ማዕድን አውጪዎቹ እዚያ ጨለማ ውስጥ የገቡት ልጆቻቸውን ለማብላት ነበር፤ እነርሱ እንኳ በመጨረሻ ፓምፑን አጥፍተው ወጥተዋል። እርስዎ ገንዘብ ከፍለው፣ ቤተሰብዎን አስጨንቀው፣ እነርሱ ወደ ሸሹት ጉድጓድ የሚመለሱበት ምክንያት ምን እንደሆነ ቢያስረዱን ደስ ይለኛል። ለስድብ አይደለም፤ በእውነት አልገባኝም።

ሰሜናዊት

ወንድም የሚዙሪው፣ ጥያቄዎን በቀጥታ ልመልስ፤ አይበቃም። ምክንያቱን ግን ጥልቀቱ ላይ አይፈልጉት፤ ምክንያቱ ጣሪያው ነው።

ፊንላንድ ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የዋሻ ጠላቂነት ሥልጠናዬን ከጨረስኩ ደግሞ ስድስት። አዘውትሬ የምጠልቀው ከሄልሲንኪ በስተምዕራብ በሎህያ ከተማ ባለው የኦያሞ ማዕድን ነው። ኦያሞ በ1965 የተዘጋ የኖራ ድንጋይ ማውጫ ሲሆን ጥልቀቱ ከ200 ሜትር ያልፋል፤ በክረምት በረዶውን በመጋዝ ቆርጠን ነው የምንገባው። ስለዚህ የምጽፍልዎ ከፍርሃት ሳይሆን ከልምድ ነው።

በክፍት ውሃ የተማሩት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ነገር ሲበላሽ ወደ ላይ መውጣት ይቻላል። አየር ቢያልቅ፣ መነጽር ቢወልቅ፣ ጓደኛ ቢጠፋ፣ የመጨረሻው መልስ ሁልጊዜ ከራስዎ በላይ አለ። ጣሪያ ሲኖር ይህ መልስ ይሰረዛል። መውጫዎ የመጡበት መንገድ ብቻ ይሆናል፤ አንድ መቶ ሜትር ከገቡ፣ ምንም ዓይነት ችግር ቢደርስብዎ ያንኑ ችግር ይዘው አንድ መቶ ሜትር መመለስ አለብዎ። የዋሻ ጠላቂ የሚማረው ነገር በሙሉ ከዚህ አንድ እውነት የተቀዳ ነው።

አየሩን እናስላ። በአውሮፓ የተለመደው ሲሊንደር 12 ሊትር ሲሆን በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። በየብስ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በ15 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ 2.5 ባር ስለሆነ 50 ሊትር ይጨርሳል። እኛ አንድ ሦስተኛውን ይዘን እንገባለን፣ በአንድ ሦስተኛው እንወጣለን፣ አንድ ሦስተኛው ሳይነካ ለችግር ይቀመጣል። ይህም ማለት ለመግቢያ ያለዎት 800 ሊትር፣ ወይም 16 ደቂቃ ብቻ ነው። አሁን በጣም ሩቅ በሆነው ቦታ ላይ የጓደኛዎ ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ የሚያቀብለው መሣሪያ) ተበላሸ እንበል። በእርስዎ ሲሊንደር ውስጥ 1600 ሊትር ቀርቷል፤ ለሁለት ሰው በደቂቃ 100 ሊትር፤ 16 ደቂቃ። በትክክል የመመለሻው ጊዜ ነው፣ አንድ ደቂቃ ትርፍ የለውም። ይህ እንግዲህ ሁለታችሁም ሳትደናገጡ ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ በእጥፍ ይተነፍሳል። ስለዚህ በማዕድን ውስጥ ብዙዎቻችን ከሦስተኛውም ያነሰ ይዘን ነው የምንገባው፤ አንድ ሲሊንደር ብቻ ይዞ የሚገባም የለም።

ሁለተኛው ደለል ነው። የማዕድን ወለል ሰው ሲፈጭ የኖረበት ወለል ነው፤ የላመ የድንጋይ ዱቄትና የዝገት ቅርፊት ተኝቶበታል። በፊን (በእግር በሚታሠረው መቅዘፊያ) አንድ ጊዜ ወደ ታች ቢመቱት፣ ያ መስታወት የመሰለ ውሃ ሽሮ እንደተበጠበጠበት ድስት ይሆናል። ያን ጊዜ ባልደረባዎ የነገረዎት «ጥሩ ባትሪ» የሚያሳይዎ የደለሉን ግድግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ነው ከክፍት ውሃ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ያልተቋረጠ መሪ ገመድ የምንዘረጋው። በሥልጠናዬ ጊዜ አሠልጣኛችን መነጽራችንን በጨርቅ ሸፍኖ፣ አየር እየተጋራን፣ ገመዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ብቻ ይዘን እንድንወጣ አደረገን። ስድሳ ሜትር ነበር፤ እኔ ግን ጧት ገብቼ ማታ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ቦን ቴር ከዚህ የሚለየው፣ መንገዱን የሚያውቅ መሪ ከፊት፣ ሌላ ጠባቂ ከኋላ ስለሚኖር፣ ቦታው ሰፊና ብርሃን ያለው ስለሆነ፣ በብዙ ሥፍራም ከራስዎ በላይ አየር ስላለ ነው። እዚያ ሌላ ሰው አስቦልዎታል። ባልደረባዎ በጋበዘዎ ቦታ ማን ነው የሚያስብልዎ?

የሚዙሪው

እህቴ ሰሜናዊት፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ስሌቱን ሁለት ጊዜ በወረቀት ሠራሁት፤ ትርፍ ደቂቃ የሌለው መሆኑን ሳይ ደነገጥኩ። ሆኖም አንድ ነገር ላክል። ባልደረባዬ እንደሚለው ከመግቢያው ሰባ ሜትር ያህል ርቆ ጣሪያው ከፍ የሚልበት፣ ከውሃው በላይ አየር ያለበት ክፍል አለ። እነርሱ እዚያ ብቅ ብለው፣ ሬጉሌተራቸውን አውልቀው፣ ተጨዋውተው ነው የሚመለሱት። ችግር ቢመጣ እዚያ ተቀምጦ እርዳታ መጠበቅ አይቻልም ወይ? ለሥራ ፈት ታዛቢ ደግሞ፣ «ለምን» ለሚለው ጥያቄዎ እስካሁን ጥሩ መልስ የለኝም፤ ፉርጎዎቹን ሳይ የተሰማኝን ነገር እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም።

የሻኪሶው

ልጆቼ፣ እኔ ጠላቂ አይደለሁም፤ ዋናም ብዙ አይሆንልኝ። ነገር ግን በማዕድን መሐንዲስነት ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ስለዚያ አየር ክፍል ዝም ማለት አልቻልኩም። ሬጉሌተር አውልቆ መጨዋወት የሚለውን ሳነብ ብርድ ብርድ አለኝ።

በአገራችን የእህል ጉድጓድ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። እህል ተቀብሮበት የከረመ ጉድጓድ ሲከፈት ወዲያው የሚገባበት የለም፤ አፉ ተከፍቶ ይናፈሳል፣ ምክንያቱም እህሉ ኦክስጅኑን ጨርሶ በቦታው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክቶበታል። ሳይናፈስ የገባ ሰው እግሩ መሬት ሳይነካ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የወረደው ወንድሙም ይከተለዋል። በውሃ ጉድጓድ ቁፋሮም እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሟች ብዙውን ጊዜ አዳኝ ሆኖ የወረደው ነው።

የተዘጋ ማዕድን ትልቅ የእህል ጉድጓድ ነው። ብረት ሲዝግ ኦክስጅን ይበላል፤ የድጋፍ እንጨት ሲበሰብስ ኦክስጅን በልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል፤ ድኝ ያለበት የማዕድን ድንጋይም አየርና እርጥበት ሲያገኘው ኦክስጅኑን ይስባል። አንዳንድ ቦታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይኖራል፤ ይህ መጀመሪያ እንደተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ መጠኑ ከፍ ሲል ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ጠፋ» ብሎ ሰው ይዘናጋል። ኦክስጅን ማነሱን ደግሞ አካላችን አይነግረንም። የመታፈን ስሜት የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት እንጂ ከኦክስጅን ማነስ አይደለምና፣ ሰውየው እየሳቀ እያወራ ይዝላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንላለን፤ አየሩም እንዲሁ ነው። ባልደረባህ ስድስት ጊዜ ደህና ወጥቶ ይሆናል፤ የአየሩ ይዘት ግን ከወቅት ወቅት፣ ከአየር ግፊት መለዋወጥ ጋር ይቀያየራል። በመሣሪያ ያልተለካ አየር አይተነፈስም፤ የእኛ ሙያ ሕግ ይህ ነው።

እዚያ ተቀምጦ ስለ መጠበቅ ጠይቀሃል። በ2017 በስፔኗ ማዮርካ ደሴት አንድ የጂኦሎጂ መምህር በውሃ ውስጥ ዋሻ መሪ ገመዱ ጠፍቶበት በአየር ኪስ ውስጥ 60 ሰዓት ቆይቶ በሕይወት ወጥቷል። ይህን ሰምቶ «ይቻላል» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የዚያ ኪስ አየር 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበረበት፤ እኛ የምንተነፍሰው 0.04 በመቶ ነው። ሰውየው ራሱን እየወጋው፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ የሌለ ብርሃን በውሃው ውስጥ ያይ ነበር። ደግሞም የተረፈው ጓደኛው የቀረውን አየር ይዞ ወጥቶ ቦታውን ለአዳኞች ስለነገረ ነው።

ሌላው ነገር ዓምዶቹ ናቸው። በዓምድ በሚሠራ ማዕድን ውስጥ ዓምዱ ራሱ ማዕድን ነው። ሥራው ሊዘጋ ሲቃረብ ብዙ ቦታ ሠራተኞቹ ወደ ኋላ እየወጡ ዓምዶቹን እየሸረፉ ይወስዱ ነበር፤ ጣሪያው ለአንድ ሳምንት ከቆመ በቂያቸው ነበርና። እንዲህ ያለ ቦታ ውሃ ሲሞላበት ውሃው የተወሰነ ሸክም ይጋራዋል፤ ነገር ግን የጠላቂ የትንፋሽ አረፋ ከዘመናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያውን ይነካካል፣ የላላ ድንጋይና ዝገትም ይወርዳል። በውሃ ውስጥ የተቀመጠ እንጨት ለዓይን አዲስ ይመስላል፣ በእጅ ሲነካ ግን እንደ ራሰ ዳቦ ይፈርሳል።

ካርታ አለን ቢሏችሁም አትመኑ። በ2002 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ክዊክሪክ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ዘጠኝ ሠራተኞች ውሃ የሞላበትን የጎረቤት አሮጌ ማዕድን ሳያውቁ በስተው ከመሬት በታች ተጠምደው ነበር። በእጃቸው የነበረው ካርታ የአሮጌውን ማዕድን የመጨረሻ ቁፋሮ አያሳይም ነበርና። ከሦስት ቀን በላይ ቆይተው ከላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ዘጠኙም ወጡ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለሙያዎችን በሥራ ላይ ያሳሳተ ካርታ ለመዝናኛ የገባ ሰው አያድንም።

የጆበርግ ልጅ

ጋሼ የጻፉት ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ነገር አስታወሰኝ። በደቡብ አፍሪካ ካላሃሪ በረሃ ዳርቻ ቡሽማንስ ሆል የሚባል፣ ላዩ ትንሽ ኩሬ የሚመስል፣ ውስጡ ግን እንደ ገደል የሚወርድ በውሃ የተሞላ ዋሻ አለ። ኑኖ ጎሜዝ በ1996 እዚያ እስከ 282.6 ሜትር ወርዷል። በጥር 2005 ደግሞ አውስትራሊያዊው አብራሪ ዴቭ ሾ፣ ከአሥር ዓመት በፊት እዚያው የሞተውን የአንድ ወጣት አስከሬን ለወላጆቹ ሊያወጣ ወረደ፤ በ270 ሜትር ገደማ ላይ ሥራውን እየሠራ ሳለ ሞተ። ካሜራው ሁሉንም ቀርጾት ነበር። አየር አላለቀበትም። በዚያ ጥልቀት የሚተነፈሰው ጋዝ እጅግ ስለሚወፍር፣ በሥራ የደከመ ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማስወጣት አቃተው። ከቀናት በኋላ ገመዱ ሲሳብ ሁለቱም አስከሬኖች አብረው ተንሳፍፈው ወጡ።

ይህን ያነሳሁት ለማስፈራራት አይደለም። የምጨምረው የከፍታን ጉዳይ ነው። ያ ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የጎሜዝ 282 ሜትር ለደም ውስጥ ጋዝ ስሌት በባሕር ወለል ከ330 ሜትር በላይ እንደ መጥለቅ ይቆጠር ነበር። ከላይ ያለው አየር በሳሳ ቁጥር ሲወጡ የሚያጋጥም የግፊት ልዩነት ይሰፋል፤ በደም ውስጥ የተሟሟው ናይትሮጅንም በቀላሉ አረፋ ሆኖ ሰውን ይጎዳል። እኛ የደጋ ልጆች ይህን ማወቅ ይገባናል። ቢሾፍቱ ሐይቅ የሚጠልቅ ሰው በ1900 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑን ካልቆጠረ፣ በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግረው የጠላቂዎች ሰንጠረዥ ይዋሸዋል። በጅቡቲ ባሕር ጠልቆ በዚያው ቀን በመኪና ወደ ደጋ የሚወጣም እንደዚሁ፤ አውሮፕላን ለመሳፈር ከተደጋጋሚ ጥልቀት በኋላ 18 ሰዓት መጠበቅ የሚመከረው በከንቱ አይደለም።

ሥራ ፈት ታዛቢ

ይቅርታ ይደረግልኝና እንደገና ልግባ። ሰሜናዊት ሥልጠና ያድናል አሉ፤ የጆበርግ ልጅ ደግሞ በዓለም ከታወቁት አንዱ እንዴት እንደሞተ ነገሩን። እኔም ትናንት ማታ እንቅልፍ አጥቼ ሳነብ፣ የዋሻ መጥለቅን ደንብ የጻፈው ሼክ ኤክስሊ የተባለው አሜሪካዊ (ስሙ ነው፣ የሃይማኖት ማዕረግ አይደለም) ራሱ በ1994 በሜክሲኮ ዛካቶን በተባለ ጥልቅ ጉድጓድ መሞቱን አገኘሁ። ደንቡን የጻፈው ሰው ከሞተ፣ ደንቡ ለማን ነው የሚሠራው? ያልሠለጠነው ባለማወቁ ይሞታል፣ የሠለጠነው በማወቁ ይሞታል። እንግዲህ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ነው የሚተርፈው።

ሰሜናዊት

ሥራ ፈት ታዛቢ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ ከብዙ ጠላቂዎችም ይህን ያህል በግልጽ የሚጠይቅ አላገኘሁም። በእርግጥ ሞትን ወደ ዜሮ የሚያወርድ ሥልጠና የለም። በ2014 እዚህ ያሉ ልምድ ያላቸው ፊንላንዳውያን በኖርዌይ ፕሉራ ዋሻ ገብተው ሁለቱ ከ100 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ቀሩ። ፖሊስ አስከሬኑን ማውጣት አደገኛ ነው ብሎ ዋሻውን ሲዘጋ፣ የተረፉት ጓደኞቻቸው ተመልሰው ገብተው አወጧቸው። በትንሽ አገር ሁሉም ጠላቂ ይተዋወቃል፤ ያ ወር ምን ይመስል እንደነበር ልነግርዎ አልችልም።

ነገር ግን ሁለቱን ዓይነት ሞት አንድ ላይ አይደምሩት። ኤክስሊ የሠራው ትልቅ ሥራ፣ በፍሎሪዳ ዋሻዎች የሞቱትን ሰዎች ታሪክ አንድ በአንድ እየመረመረ ምን እንደጎደላቸው መጠየቁ ነው። ያገኘው ነገር አሰልቺ እስኪሆን ድረስ ይደጋገም ነበር፤ ያልተቋረጠ ገመድ አልነበራቸውም፤ ለመመለሻ በቂ አየር አላስቀሩም፤ ከአቅማቸው በላይ ጠልቀዋል። በኋላ ሥልጠና ማጣትና ሦስት ባትሪ አለመያዝ ተጨመሩበት። ከሟቾቹ መካከል የክፍት ውሃ አሠልጣኞች ነበሩ፤ ሌሎችን የሚያስተምሩ ሰዎች! ዛሬ በብዙ የፍሎሪዳ ዋሻዎች መግቢያ ላይ ማጭድ የያዘ የሞት ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ የተተከለው ለእነዚህ ሰዎች ነው፣ ለጀማሪ ሳይሆን ለሚያውቅ መሳይ። ኤክስሊና ሾ የሞቱት ግን ከ250 ሜትር በታች፣ ያን ጊዜ ጥቂት ሰዎች ብቻ በረገጡት ጥልቀት ነው። እነርሱ የሄዱበትን የመረጡት አውቀው ነው፤ ትክክል ነበሩ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኔ አልሄድም ነበር እላለሁ። የሚዙሪው የተጋበዘው ግን ወደ መጀመሪያው ዓይነት ሞት ነው። በ15 ሜትር፣ በሰባ ሜትር ርቀት፣ ያለ ገመድ።

ስለ ቤት መቀመጥ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በ2018 በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ አሥራ ሁለት ልጆችና አሠልጣኛቸው በጎርፍ ሲዘጋባቸው፣ ያገኟቸው ሁለት እንግሊዛውያን በትርፍ ጊዜያቸው ዋሻ የሚጠልቁ ሰዎች ናቸው። ልጆቹን በማደንዘዣ አስተኝቶ ያሳለፋቸው አውስትራሊያዊ ሐኪምም የዋሻ ጠላቂ ነው። አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ ሲሊንደር ሲያመላልስ ሕይወቱን ቢያጣም፣ አሥራ ሦስቱም ወጡ። ያን ቀን የዓለም ጦር ኃይሎች ያልነበራቸው ችሎታ፣ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲባሉ በኖሩ ሰዎች እጅ ነበር።

የባሌ ልጅ

ክሩን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። ሶፍ ዑመር ዋሻን የመሰለ ቦታ አለንና፣ በውስጡ የሚያልፈውን የወይብን ወንዝ ተከትሎ መጥለቅ ይቻል ይሆን? ውሃው ከቋጥኙ ሥር የሚገባባቸው ቦታዎች የት እንደሚደርሱ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳስብ ኖሬአለሁ።

የሻኪሶው

የባሌ ልጅ፣ ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የኖራ ድንጋይ ዋሻ ቢሆንም፣ አብዛኛው አየር ያለበት፣ በእግር የሚኬድ ነው። ወንዙ ግን በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ውሃ ነው፤ ከማዕድን የተኛ ውሃ ጋር አይወዳደርም። ደጋው ሲዘንብ ደለል ተሸክሞ ይወርዳል፤ በዚህ ውሃ ውስጥ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ታም ሉዋንግም አደገኛ የሆነው በዚሁ በወራጅና በደፈረሰ ውሃው ነው። ስፍራው ምእመናን ለዚያራ የሚሄዱበት ቅዱስ ቦታ መሆኑም አይረሳ፤ የሽማግሌዎችን ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚገባበት አይደለም። ማወቅህን ግን አትተው፣ ከላይ ሆኖም ብዙ ይጠናል።

የሚዙሪው

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ባልደረባዬን እዚህ የተማርኳቸውን ጥያቄዎች ጠየቅሁት። ገመዱን የሚዘረጋው ማን ነው አልኩት፤ «መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ገመድ አያስፈልግም» አለኝ። የሚመለሱት ሲሊንደሩ ስንት ባር ሲደርስ ነው አልኩት፤ «ግማሽ ሲሆን» አለኝ። ይህን በሰሜናዊት ስሌት ስሠራው፣ ሁሉ ነገር ከተሳካ ልክ በሩ ላይ ሲደርሱ ሲሊንደሩ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። የአየሩን ይዘት ለክታችሁታል ወይ ስለው ሳቀ። እንደማልሄድ ነገርኩት። አልተቀየመኝም፣ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ምሳ ስንበላ ስለ መጥለቅ አናወራም። እነርሱ ባለፈው ቅዳሜ ገብተው ደህና ወጥተዋል፤ ሰኞ ጧት ፎቶዎቹን ለቢሮው ሁሉ ሲያሳይ እኔ ከኋላ ቆሜ የማየው ፎቶውን ሳይሆን ደለሉን ነበር።

እኔ በመጋቢት ወር ፍሎሪዳ ሄጄ የመጀመሪያውን የዋሻ አፍ ሥልጠና ልወስድ ተመዝግቤአለሁ። እንደተነገረኝ በዚህ ደረጃ የቀን ብርሃን ከሚታይበት ቦታ አይታለፍም፤ ርቀቱም ከውሃው ወለል ተቆጥሮ እንደ አሠልጣኝ ድርጅቱ 40 ወይም 60 ሜትር ነው። ለሥራ ፈት ታዛቢ መልስ የሚሆን ነገር አሁንም አላገኘሁም። የቅርቡ ግን ይህ ይመስለኛል፤ አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፣ ፉርጎ ባየሁ ቁጥር እርሱን አያለሁ፤ እዚያ ታች ደግሞ ማንም ያልነካው ፉርጎ አለ።

ከሥልጠናው በፊት ቤቴ ሆኜ ልለማመደው የምችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ።

ሥራ ፈት ታዛቢ

አሁን ገባኝ። መልካም ጉዞ፣ ወንድሜ።

ሰሜናዊት

በመዋኛ ገንዳ ውስጥ የእንቁራሪት ምት ይለማመዱ፤ ጉልበትዎን አጥፈው ፊኑን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ይግፉ፣ ወደ ታች በጭራሽ። ከገንዳው ወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው፣ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ አምስት ደቂቃ በአንድ ቦታ መንሳፈፍ እስኪችሉ ድረስ አይተዉት። ሁለተኛ፣ ሲሊንደርዎ ላይ ያለውን ቫልቭ ዓይንዎን ጨፍነው በቀኝና በግራ እጅዎ መድረስ ይልመዱ። ሦስተኛ፣ የሚገዟቸው ሁለት ተጠባባቂ ባትሪዎች ትንንሽና ቀላል ይሁኑ፤ ውድ ዋና ባትሪ መግዛት ለጊዜው አያስፈልግም፣ አሠልጣኞች ያከራያሉ። የፍሎሪዳ ምንጮች ውሃ ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ለኦያሞ የምለብሰውን ውሃ የማያስገባ ልብስ አይፈልጉም፤ ለቦን ቴር የለበሱት ይበቃዎታል።

የሻኪሶው

ወደ ቦን ቴር ስትመለስ አንድ ውለታ ዋልልኝ፣ ልጄ። ዓምዶቹ ላይ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ የመሰርሰሪያ ጉድጓዶች ግማሽ ምልክት ይኖራል፤ ፈንጂው የተቀበረበት ነው። በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ስንት ስንዝር እንደሆነ አይተህ ጻፍልኝ፤ በእጅ ይሁን በማሽን የተሰረሰረ መሆኑን ከዚያ ለመገመት እሞክራለሁ።